ሁለተኛው ቴርሞሜትር

የመድኃኒት መጋዘኑ ሠራተኞች ሟቹን በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም፤ «ጋሽ ምናልባት» ነበር የሚሏቸው። ስብሰባ ላይ ሁሉም ተስማምቶ ሊነሳ ሲል እጃቸውን ያወጡና፣ «ምናልባት መንገዱ ቢቆረጥስ? ምናልባት ፋብሪካው ቢዘጋስ?» ብለው የተነሳውን ሰው መልሰው ያስቀምጡታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነበር፦ ያልመጣውን ክፉ ቀን አስቀድሞ ማሰብ። በዚያ ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ጫኝ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ሲከፍት ጋሽ ምናልባትን ከበሩ ደፍ ሥር በጎናቸው ተኝተው አገኛቸው። ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበዋል። ከላይ የለበሱት ሸሚዝ ብቻ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እመት ቀስታ» ይሏታል። እንደ ሌላው መርማሪ ገብታ አትጮህም፤ ወንበር ስባ ትቀመጥና ሰውን ዝም ብላ ታያለች። ሲያጣድፏት «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ትመልሳለች።

«ልባቸው ነው» አላት የፖሊሱ ሐኪም ከአስከሬኑ አጠገብ እየተነሳ። «የቆየ ሕመም አለባቸው። ብርዱና ድንጋጤው ተጋግዘው ነው የገደሏቸው። ኪኒናቸውን ይዘው ቢሆን ኖሮ ጊዜ ይገዛላቸው ነበር።»

«የት ነው ኪኒኑ?»

«ኮታቸው ኪስ ውስጥ። ኮቱ ደግሞ ቢሮ፣ ወንበራቸው ላይ።»

እመት ቀስታ ጎንበስ አለች። የሟቹ የቀኝ እጅ መገጣጠሚያዎች ተልጠዋል። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ በደረት ቁመት፣ የደረቀ ደም አለ። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ይሄ ከተሰበረ ስንት ጊዜው ነው?»

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ከረባቱ የተጣመመበት ሰው። «ወር አልፎታል። ለጥገና ክፍል ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?»

«እሳቸው።» ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። እስኪሠራ ድረስ ሰው ሲገባ በሩን በእንጨት ሽብልቅ እናስደግፋለን። ምናልባት ሽብልቁ አምልጦ...» አለና ከአፉ የወጣውን ቃል ሲሰማ ራሱ ደነገጠ።

እመት ቀስታ ሽብልቁን በዓይኗ ፈለገች። ከበሩ ውጭ፣ በትከሻ ቁመት ምስማር ላይ፣ በገመዱ ተንጠልጥሏል።

ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ የብዕር ቁመት ያለው የመስታወት ቴርሞሜትር ወጣ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ መስኮት ፊት ለፊት፣ ባዶ መስቀያ አለ። ከመስቀያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያህል የሙቀት መመዝገቢያ ሳጥን ተገጥሟል፤ ሽቦው ከሶኬቱ ተነቅሏል፣ መብራቱ ጠፍቷል። ከውጭ ደግሞ በሩ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ አራት፣ አራት፣ አምስት፣ አራት። የዕለቱ የሁለት ሰዓቱ አራት ይላል። የስድስት ሰዓቱም አራት።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ሥራ አስኪያጁን ነው።

«ትናንት ስትጣሉ ሰው ሰምቷችኋል» አለችው።

«አልተጣላንም፤ ተነጋገርን እንጂ።» ከዚያ ተነፈሰ። «እሺ፣ ጮኼባቸዋለሁ። ኢንሱሊን የምንገዛው ከአንድ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከሦስት ሳምንት በፊት በጎርፍ ተዘጋ። ለምናቀርብላቸው ሦስት ሆስፒታሎች የሚበቃ ኢንሱሊን የቀረው እሳቸው ያስቀመጡት መጠባበቂያ ብቻ ነው። እኔ ያንን መጠባበቂያ 'የተኛ ዕቃ' ነበር የምለው። ቦታ ያዘብን፣ ይቀነስ እያልኩ ሁለት ዓመት ተከራከርኳቸው። የተኛው ዕቃ ነው ዛሬ የታደገን።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ጮኹ?»

«ሁሉንም በአንድ ቀን አንልቀቅ፣ መጀመሪያ ልየው አሉኝ። ሆስፒታሎቹ እየደወሉ ነው፣ በሽተኛ እየጠበቀ ነው፣ ምኑን ነው የሚያዩት አልኳቸው።» ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «ዛሬ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት መኪና ወጣ። ግማሹ ክምችት ሄዷል። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ቢሮዬ ነበርኩ፤ ጸሐፊዬም የመጋዘን ኃላፊውም ያውቃሉ። ኃላፊውን ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠርቼው አብሮኝ ነበር።»

የግዢ ኃላፊዋ ዓይኖቿ አብጠው ገባች። መሐረቧን በእጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«ሁላችንንም በአንድ ፋብሪካ ላይ ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ጋሼ 'በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ገፊ አያስፈልገውም' ይሉኝ ነበር። ከሌላ ፋብሪካ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ ግዢ ብለው መከራዬን ያሳዩኛል። ለአንድ ካርቶን ያን ሁሉ ወረቀት! 'ስትቸገሪ ብቻ የምታንኳኪው በር አይከፈትልሽም' ይላሉ። እኔም እሳቸውን ዝም ለማሰኘት እገዛ ነበር።»

«ነገ ቦርዱ የእሳቸውን ደብዳቤ ሊያይ ነበር አሉ። ስለ እርስዎ።»

«አዎ፣ ስለ እኔ።» ቀና አለች። «እውነታቸውን ነው። ቢቆጡኝ ይገባኛል ብዬ ነው የመጣሁት ዛሬ። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ በር ላይ የመኪኖቹን ሰነድ ሳመሳክር ነበር። ከዚያ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቢሯቸው ሄድኩ፤ ኮታቸው ወንበር ላይ ነው፣ እሳቸው የሉም። ሩቅ አልሄዱም ብዬ ተመለስኩ።»

የሠራተኞች ክበብ ያለችው ሴት የነገረቻት ነገር ግን እመት ቀስታን ማስታወሻ ደብተሯን አስወጣት።

«አምስት ሰዓት ገደማ መጡና 'ልጄ፣ በረዶ በብርጭቆ ስጪኝ፤ ደቀቅ አድርጊና ትንሽ ውሃ ጨምሪበት' አሉኝ። ገረመኝ። ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ቀዝቃዛ ነገር አይነኩም እኮ! 'ጋሼ፣ ጥርስ አስተከሉ እንዴ?' ብላቸው ሳቁ። ከልባቸው ግን አልሳቁም።»

መጨረሻ ላይ የገባው ቀዝቃዛውን ክፍል የሚጠብቀው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ የጋሽ ምናልባት የእህት ልጅ። ሲቀመጥ ወንበሩ እንኳ አልተንቋቋም። ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ከንፈሩ ግን ተሰነጣጥቋል።

«አባቴ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለ። «ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ያስተማሩኝ፣ እዚህም ያስገቡኝ።»

«እናትህ አውቀዋል?»

«አላወቁም።» ድምፁ ተሰበረ። «እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው...»

«ቀስ በል። ውሃ ጠጣ።» ብርጭቆውን አስጠጋችለት። «መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«አምስት ሰዓት ገደማ፣ መኪኖቹ ሲጫኑ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።»

«የስድስት ሰዓቱን ሙቀት የመዘገብከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ።»

«ከፍተህ ገባህ?»

«አልገባሁም። በበሩ መስኮት አይቼ ነው።»

«ስንት ይል ነበር?»

«አራት።»

«ግድግዳው ላይ ያለው?»

«አዎ፣ ግድግዳው ላይ ያለው።»

«ሳጥኑስ?»

«ተበላሽቷል፣ እትዬ። ያለ ምክንያት እየጮኸ አስቸገረን።»

እመት ቀስታ አመሰግናለሁ ብላ አሰናበተችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ምናልባት ቢሮ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ እስከ አፍ ገደፉ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አለ። ማንም አልጠጣውም። ክበብ ወርዳ ያንኑ የመሰለ የደቀቀ በረዶ አስመጣችና፣ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ቴርሞሜትር ከተተችበት። ሐኪሙ ከበሩ ላይ ያያታል።

«በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ቴርሞሜትር ስንት ማለት አለበት?» አለችው።

«ዜሮ ነዋ።»

አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ቴርሞሜትሩ ሰባት ላይ ቆመ፤ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

እመት ቀስታ ጣቷን እያጠፈች አሰበች። በሰባት ይዋሻል። ስለዚህ አራት ሲል... «ዶክተር፣ ኢንሱሊን ቢረጋስ?»

«ይበላሻል። ከቀለጠ በኋላ መልኩ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉልበቱ ግን የለም። በሽተኛው ተወግቻለሁ ብሎ ይተኛል፣ ስኳሩ ደግሞ እየወጣ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወንበሩ ባዶ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ስትሮጥ ያየቻት ነፍስ የለችም፤ ያን ቀን ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደችው። ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን ቀደደች። ብልቃጡን ገለበጠችው። ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም፤ እንደ ድንጋይ ረግቷል።

«መኪኖቹን አስቁሙ!» ብላ ጮኸች። «አሁን! ሦስቱንም!»

ሁለቱ ሾፌሮች ስልክ አነሱና መንገድ ላይ ቆሙ። የሦስተኛው ስልክ ዝግ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ሩቁ ሆስፒታል ነው። የመንገድ ፖሊስ እንዲከተለው ተነገረ፤ ወደ ሆስፒታሉም ተደወለ፤ የሚያነሳ ጠፋ።

በዚህ ሁኔታ ነው አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ የተሰበሰቡት። የጋሽ ምናልባት ወንበር ከጥግ ባዶውን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ዓይኑን ከእሱ አይነቅልም።

«ስልኩ እስኪጮህ ያየሁትን ልንገራችሁ» አለች እመት ቀስታ። «ስሳሳት አርሙኝ።

«በመጀመሪያ በሩ። ሽብልቁ አምልጦ ከሆነ መሬት ላይ መገኘት ነበረበት። እኔ ያገኘሁት ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነው። እሳቸው ከውስጥ ሆነው ከውጭ ያለ ምስማር ላይ ሊሰቅሉት አይችሉም። ስለዚህ በሩን የዘጋ ሰው አለ፤ ሽብልቁንም ከልማድ ቦታው መልሷል።»

የግዢ ኃላፊዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሁለተኛ፣ በረዶው። ቀዝቃዛ የማይነካ ሰው በረዶ ለመጠጥ አይለምንም። ጋሽ ምናልባት ቴርሞሜትሩን ሊፈትኑ ነው የወሰዱት። ዜሮ ማለት ሲገባው ሰባት አላቸው። እናንተ አራት ነው እያላችሁ የምታስቀምጡት መድኃኒት፣ ከዜሮ በታች ሦስት ላይ ኖሯል ማለት ነው። ይሄን ያወቁት መኪኖቹ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው ነው። ለማረጋገጥ ካርቶን ሊከፍቱ ሮጠው ገቡ። ለአንድ ደቂቃ ነው ብለው ኮታቸውን እንኳ አልለበሱም። ቴርሞሜትሩም ኪሳቸው ነበር።

«እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲዘጋባቸው የፈለገ ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ጮኸውባቸዋል፤ ግን ሲወተውቱ የነበሩት በሽተኞቹ መድኃኒት እንዲያገኙ ነው። የተበላሸ መሆኑን ቢያውቁ ዕቃውን በስማቸው አይልኩትም ነበር። የግዢ ኃላፊዋ ደብዳቤ ተጽፎባቸዋል፤ ደብዳቤው ግን ቦርዱ ጋ ደርሷል፣ ሰውየው ቢሞቱም አይቀርም። ጋሽ ምናልባት ዝም ቢሉ የሚድነው የዚያን ክፍል ቅዝቃዜ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ማንም አልጠቆመችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ አራት አየሁ አልከኝ። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ባዶ ነበር። ቴርሞሜትሩ አጎትህ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። እሳቸውም ከመስኮቱ ሥር ወድቀዋል።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የራሱን እጆች እንደ ሌላ ሰው እጅ ያያቸዋል።

«ከአምስት ሳምንት በፊት ወድቆብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቴርሞሜትሩ። አልተሰበረም፤ መልሼ ሰቀልኩት። በማግስቱ አሥራ አንድ አለ። ክፍሉ ሞቀ ብዬ ማቀዝቀዣውን ከፍ አደረግኩት፣ አራት እስኪል። ያኔ ሳጥኑ መጮህ ጀመረ። ከዜሮ በታች ነው ይላል።»

«እና ነቀልከው።»

«አንዱ ደህና ነው ይላል፣ አንዱ ጠፋህ ይላል። እኔ ደህና ነህ የሚለኝን አመንኩ።» እንባው አሁን መጣ። «ሁለት ያስገጠሙት እኮ እሳቸው ናቸው። 'አንዱ ቢዋሽ አንዱ ያጋልጠዋል' ብለው። ከሳምንት በኋላ ጠረጠርኩ፤ ግን ልናገር ስል አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላ ቀን አለፈ። ምናልባት የኋለኛው ረድፍ ብቻ ነው የረጋው እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ።»

«ዛሬስ?»

«'መኪኖቹን አስቁም' አሉኝ ከውስጥ ሆነው። ካርቶኑን ሊከፍቱ ጎንበስ እንዳሉ... ዘጋሁባቸው። ሩብ ሰዓት ብቻ፣ እትዬ! መኪኖቹ ከወጡ በኋላ እለምናቸዋለሁ፣ የእህታቸው ልጅ ነኝ፣ አሳልፈው አይሰጡኝም ብዬ ነው። ሲደበድቡ ሰምቻለሁ። 'አንተ ልጅ' ነበር የሚሉኝ። መኪኖቹን አስወጥቼ፣ ፈርሜ፣ ስመለስ ጸጥ ብሏል። በመስኮቱ አየኋቸው።»

«ለምን አልከፈትክም?»

«ወረቀቱ ላይ አራት ጻፍኩ» አለ። «ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ሰዓቱ ደርሶ ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ አነሳው። አዳመጠ። «ሦስተኛው መኪና ደርሶ ነበር» አለ፤ «ካርቶኖቹ ወርደዋል። ለበሽተኛ ግን አልታደለም። አልታደለም!»

ማንም ደስ አላለውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የተሰማው። አደጋው ቆመ እንጂ መድኃኒቱ አልተገኘም። የግዢ ኃላፊዋ ተነስታ ወደ ጥግ ሄደችና ስልክ ደወለች። የደወለችው በየሦስት ወሩ አንድ አንድ ካርቶን ለምትገዛበት ለሁለተኛው ፋብሪካ ነው። ስሟን አወቁ። ወረቀቷ ተሟልቶ እዚያው ተቀምጧል። ለአሥራ ሁለት ቀን የሚበቃ ኢንሱሊን በማግስቱ እንደሚጫን ነገሯት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አናውቅም አሏት። ስልኩን ስትዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ሊያደክሙኝ ሳይሆን ሊያኖሩን ነው ያስጨነቁኝ» ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

የመጋዘኑን ኃላፊ ሲወስዱት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ለእናቴ ፖሊስ አይንገራቸው። እርስዎ ይንገሩልኝ።» እሷም ፖሊስ መሆኗን ረስቶት ነበር።

ሄደች። ፀሐይ አልጠለቀችም። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ወንድምና እህት በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። አሮጊቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የታጠበ ሸሚዝ እያጣጠፉ ነበር፤ የወንድማቸውን በአንድ በኩል፣ የልጃቸውን በሌላ በኩል እየለዩ። የማያውቋት ሴት በሩን አልፋ ስትገባ አንድ ሸሚዝ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ማንኛው ነው?» አሉ።

እመት ቀስታ ወደ በረንዳው ጠጋ አለች። «ወንድምዎ ናቸው፣ እናቴ። ዛሬ ቀን ላይ አረፉ።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አንገታቸውን አቀኑ። «ልጄስ? እንዲህ ያለውን የሚነግረኝ እሱ አይደለም ወይ? የት ነው ልጄ?»

ነገረቻቸው። አላሳጠረችውም፣ አላስረዘመችውም። አሮጊቷ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ሁለቱን የሸሚዝ ክምር በየተራ አዩ።

«እኔ ወንዝ ተሻግሬ የምጠራው ዘመድ የለኝም» አሉ። «ለወንድሜ ያለሁት እኔና ልጄ ነን። እንግዲህ ወንድሜን ማን ይቀብርልኛል?»

እመት ቀስታ ያን ምሽት ወደ ቢሮዋ አልተመለሰችም። ጫማዋን በረንዳው ሥር አውልቃ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች፤ ጎረቤት ለቅሶውን ሰምቶ እስኪሰበሰብ ድረስም እጃቸውን ይዛ ቆየች።